20 ጨዋታ ምን ይናገራል? የራስን ዳታ ይዞ በካርድ ጨዋታ ስለመሻሻል

20 ጨዋታ ተጫውታችሁ 12ቱን አሸነፋችሁ እንበል። በመቶኛ 60 ነው። ታዲያ ጎበዝ ናችሁ?

አይታወቅም። ትሕትና እንዳይመስላችሁ፤ ሒሳቡ ነው እንዲህ የሚለው። በ20 ጨዋታ 60 በመቶ ያመጣ ሰው እውነተኛ አቅሙ ከ40 ትንሽ ዝቅ ከሚል አንስቶ 80 እስኪጠጋ የትም ሊሆን ይችላል። 40 በመቶ የሚያሸንፍ ሰው ገና ብዙ ይቀረዋል። 80 በመቶ የሚያሸንፍ ደግሞ የትም ቢቀመጥ ይፈራል። ያ ሁሉ መዝገብ እነዚህን ሁለት ሰዎች እንኳ መለየት አልቻለም።

የካርድ ጨዋታ የሚወድና ኤክሴል መነካካት የሚቀናው ሰው ሁሉ አንድ ቀን «ጨዋታዬን ሁሉ ብመዘግብ የት እንደምሳሳት ይገባኝ ነበር» ማለቱ አይቀርም። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ችግሩ አብዛኛው ሰው የሚመዘግበው ማሸነፉንና መሸነፉን ብቻ ነው። ከሚመዘገበው ሁሉ ለማስተማር የሚዘገየው ደግሞ እሱው ነው። ለምን እንደሆነ «ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ» በሚባለው ጨዋታ እናየዋለን። ሒሳቡን ለማሳየት ይመቻል፤ ዳታውም በሽ ነው።

ጨዋታው ለማታውቁት

ማጂክን የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ የሒሳብ ሰው ነው። ዶክትሬቱንም የሠራው በኮምቢናቶሪክስ ነው። ጨዋታው ለገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1993 ነው። እኛ ከምናውቀው ካርታ የሚለየው 52 ካርድ ላይ አለመቆሙ ነው። እስከ ዛሬ የታተሙት የተለያዩ ካርዶች ከ20 ሺህ ይበልጣሉ፤ እያንዳንዱ ተጫዋችም የራሱን ጥቅል ይዞ ይመጣል። ጥቅሉ ዴክ ይባላል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሰዎች ይጋጠማሉ፤ ሁለቱም በ20 የሕይወት ነጥብ ይጀምራሉ፤ ቀድሞ ዜሮ የገባ ተሸነፈ።

ካርዶቹ በጅምላ ሁለት ዓይነት ናቸው። አንደኛው ላንድ ነው፤ ማና የሚባለውን መክፈያ ይሰጣል። ሌላው በዚያ ማና ተከፍሎበት የሚወርደው ነው፤ ፍጡሩ፣ አስማቱ፣ መሣሪያው። በአንድ ተራ የሚወርደው ላንድ አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ ላንድ ካልመጣ እጃችሁ ሙሉ ሆኖ ቁጭ ብላችሁ ትመታላችሁ። ላንድ ከበዛ ደግሞ መክፈያው ሞልቶ የሚገዛ ይጠፋል።

ዳታ መሰብሰብ የለመዱት በብዛት ድራፍት የሚጫወቱት ናቸው። በድራፍት ማንም የተዘጋጀ ዴክ ይዞ አይመጣም። ብዙውን ጊዜ 8 ሰው ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ፓክ፣ ማለትም የታሸገ የካርድ እሽግ፣ ይከፍትና አንድ ካርድ መርጦ የቀረውን ለጎኑ ያሳልፋል። በዚህ መንገድ ሦስት ፓክ ካለቀ በኋላ እያንዳንዱ ከመረጣቸው ካርዶች ላይ ላንድ ጨምሮ የ40 ካርድ ዴክ ይሠራል። ከ40ው 17ቱን ላንድ ማድረግ የተለመደ ነው። ይህ ሁሉ አሬና በሚባለው የኮምፒውተርና የስልክ ጨዋታ ላይም አለ። ያለ ብዙ ድካም ዳታ የሚገኘውም እዚያ ነው።

ዕድሉ ስንት ነው?

ከ40 ካርድ 17ቱ ላንድ ከሆነ፣ መጀመሪያ በምታነሷቸው 7 ካርዶች ውስጥ ስንት ላንድ ይኖራል? ይህ በግምት የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ይሰላል። 3 ላንድ የመምጣት ዕድሉ 32 በመቶ ነው። 2 የመምጣቱ ወደ 25፣ 4 የመምጣቱ ወደ 23 በመቶ ነው። ሦስቱ ሲደመሩ 79 በመቶ ይሆናሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚያጫውት እጅ ማለት ነው። 5 ላንድ 8 በመቶ ገደማ ነው፤ እንደ ሁኔታው ይያዛል። ምንም ወይም 1 ብቻ የመምጣቱ ዕድል 10.5፣ 6 ወይም 7 የመምጣቱ ደግሞ 1.6 በመቶ ነው። የተበላሹት እጆች ሲደመሩ 12 በመቶ ይጠጋሉ። ከ8 እጅ አንዱ ማለት ነው።

ከ8 አንዱ ትንሽ አይደለም። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት 8 ጊዜ ተጫውቶ አንዱ እጅ ከመነሻው ተበላሽቶ የመጣበት ሰው ማንም አልጠመደውም። ግን የምናስታውሰው ያችኑ አንዷን ነው። «እኔ እኮ ላንድ አይመጣልኝም» የሚለው ስሞታ ለብቻው አንድ ዓምድ ይገባዋል። የመጀመሪያ እጃችሁ ላይ የመጣውን ላንድ ብቻ ቁጠሩና ከላይ ካለው ስሌት ጋር አስተያዩት። ለአብዛኛው ሰው ስሞታው እዚያው ያልቃል።

እዚህ ላይ አሬና የሚጫወቱ ልብ ይበሉ። በአንድ ጨዋታ ብቻ በሚወሰነው ግጥሚያ ሲስተሙ ከአንድ በላይ እጅ ያወጣና የላንድ ድርሻው ከዴኩ ጋር ወደሚቀራረበው ያዘነብላል። ስለዚህ ከዚያ የተሰበሰበው ቁጥር ከስሌቱ ጋር አይገጥምም። በሦስት ጨዋታ የሚወሰነው ግጥሚያ ግን ስሌቱን ይከተላል።

ዕድል ከአንድ እጅም አልፎ ውድድሩን ሙሉ ያናውጣል። አሬና ላይ ፕሪሚየር ድራፍት የሚባለው ውድድር 7 ጊዜ እስክታሸንፉ ወይም 3 ጊዜ እስክትሸነፉ ይቀጥላል። እያንዳንዱን ጨዋታ 50 በመቶ የማሸነፍ ዕድል ያለው መካከለኛ ተጫዋች በአማካይ ከ100 ድራፍት በ9ኙ 7 ያሸንፋል። 60 በመቶ የሚያሸንፈው ጎበዝ ደግሞ በ23ቱ። አሁን ገልብጣችሁ እዩት። ያው ጎበዝ ከ100 ድራፍት በ32ቱ ሦስት ጨዋታ እንኳ ሳያሸንፍ ይወጣል። እንዲህ ዓይነት ድራፍት ሁለት ሦስት ተከታትሎ ሲመጣ ብዙ ሰው «አጨዋወቴን መቀየር አለብኝ» ይላል። የሚቀየር ነገር ላይኖር ይችላል።

ማሸነፍን መቁጠር ለምን አያዋጣም?

ሒሳቡ እንዲህ ነው። በ100 ጨዋታ የተገኘ የማሸነፍ መቶኛ ወደ ላይም ወደ ታችም 10 ያህል ሊሳሳት ይችላል። በ400 ጨዋታ 5፣ በ1000 ጨዋታ 3። ስሕተቱን በግማሽ ለመቀነስ ጨዋታው አራት እጥፍ መሆን አለበት።

እንግዲህ ተሻሻላችሁ እንበል። ከ52 በመቶ ወደ 55 ከፍ አላችሁ። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ግን ለውጡን ከዕድል ለይቶ በእርግጠኝነት ለማየት ከመሻሻሉ በፊትም በኋላም በሺዎች የሚቆጠር ጨዋታ ያስፈልጋል። ሥራና ልጅ ያለው ሰው ይህን አይጨርሰውም። በዚያ ላይ በየጥቂት ወሩ አዲስ የካርድ ስብስብ ይወጣና ጨዋታው ራሱ ይቀየራል። በማሸነፍ መቶኛ የራስን መሻሻል መለካት በጭነት መኪና ሚዛን አንድ ኪሎ ሽንኩርት እንደመመዘን ነው። ሚዛኑ አልተበላሸም፤ የተሠራው ለሌላ ሥራ ነው።

መፍትሔው ብዙ መጫወት ብቻ አይደለም። አንድ ጨዋታ የሚሰጣችሁ ውጤት አንድ ነው፤ ውሳኔው ግን አሥራ ምናምን ነው። አንድ ድራፍት ደግሞ ገና ጨዋታ ሳይጀመር 40 ያህል ምርጫ ያስመርጣችኋል። 10 ድራፍት 400 ምርጫ ማለት ነው። ውጤቱን ስትቆጥሩ ዓመት የሚፈጅባችሁን፣ ውሳኔውን ስትቆጥሩ በአንድ ወር ታገኙታላችሁ። ለኮንከርም ሆነ ለፖከር፣ ዕድልና ችሎታ ለተቀላቀለበት ጨዋታ ሁሉ ይህ ይሠራል።

አንድ ውሳኔ ከቅርብ ሲታይ

7 ካርድ አነሳችሁ። 2 ላንድ፣ 5 ጥሩ ጥሩ ካርድ። ትይዙታላችሁ ወይስ ትመልሱታላችሁ? መመለስ ማሊጋን ይባላል። አዲስ 7 ታነሳላችሁ፤ ግን አንዷን ካርድ ከዴኩ ሥር ትቀብራላችሁ። እጃችሁ በአንድ ይቀንሳል ማለት ነው።

መልሱ የተንጠለጠለው ብዙ ሰው በማይመዘግበው ነገር ላይ ነው፤ ማን ነው የሚጀምረው? የሚጀምረው ሰው በመጀመሪያ ተራው ካርድ አይስብም። ስለዚህ ሦስተኛ ተራው ሲደርስ የሚስበው 2 ካርድ ነው። ሁለተኛ የሚጫወተው ግን 3 ይስባል። በዴኩ ውስጥ 33 ካርድ ቀርቷል፤ 15ቱ ላንድ ነው። ጀማሪው ሦስተኛዋን ላንድ በጊዜዋ የማግኘት ዕድሉ 71 በመቶ ነው። ሁለተኛው 85።

ያው 7 ካርድ፣ ያው ዴክ፣ የ14 ነጥብ ልዩነት። ጀምራችሁ ብትይዙት ከ10 ጊዜ ወደ 3 ጊዜ በሚጠጋው ትቸገራላችሁ። ሁለተኛ ሆናችሁ ብትይዙት ከ7 ጊዜ አንዴ። በዴካችሁ ያሉት ካርዶች ርካሽ ከሆኑ፣ ማለትም በ1ና በ2 ማና የሚወርዱ ከሆነ፣ ስትጀምሩም ይያዛል። ከባድ ከባድ ከሆኑ ግን ያጠራጥራል።

እንግዲህ መዝገባችሁ ውስጥ «2 ላንድ ይዤ የጀመርኩባቸው» የሚል ማጣሪያ ካለ፣ ጥያቄው «ስንቱን አሸነፍኩ?» መሆን የለበትም። እንዲህ ዓይነት እጅ ሲመጣ ስንቱን ያዝኩ፣ ስንቱን መለስኩ? ስይዝስ ዴኬ ርካሽ ነበር ወይስ ከባድ? እነዚህ ልማዳችሁን ያሳያሉ። ልማድ በ15 እጅም ይታያል። ፍራንክ ካርስተን የሚባለው የኔዘርላንድስ ተጫዋች ለዓመታት የላንድን ብዛት በስሌት እየተነተነ ጽፏል። ስሌቱን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ ከእናንተ የሚጠበቀው ልማዳችሁ ከስሌቱ ምን ያህል እንደሚርቅ ማየት ነው።

የአንድ ጨዋታ መዝገብ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ጀማሪ። 2 ላንድ። ያዝኩ። ከባድ ዴክ። ያመነታሁበት፦ 5ኛ ተራ፣ ላጥቃ ወይስ ልጠብቅ። ጠበቅሁ። ተሸነፍኩ።» ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ከሁሉም ዓምድ እኔ የምወደው «ያመነታሁበት» የሚለውን ነው። የሚሞላው ገና እየተጫወታችሁ፣ ውጤቱ ሳይታወቅ ነው። ከተሸነፉ በኋላ «ምን ነካኝ» ብሎ የሚጻፍ ምክንያት አይታመንም፤ ሰው ሲሸነፍ ዕድሉን ይከሳል፣ ሲያሸንፍ ራሱን ያመሰግናል። ባሸነፋችሁበት ጨዋታም ያመነታችሁበትን ጻፉ። ስሕተት አሸንፎም ያመልጣል።

የዴካችሁንም ግምት እንዲሁ ቀድማችሁ ጻፉት። ከ5 ስንት ትሰጡታላችሁ? 7 ጊዜ ያሸነፈ ዴክ ኋላ ሲታይ ሁሌም ቆንጆ ነው።

ከብዙ ሰው ዳታ መበደር

የራሳችሁ ዳታ ሁልጊዜም ጥቂት ነው። ለዚህ ነው «ሰቨንቲን ላንድስ» የሚባለው ድረ ገጽ የተወደደው። ስሙን ያገኘው ከእነዚያው 17 ላንዶች ነው። ኮምፒውተራችሁ ላይ የምትጭኑት ትንሽ ፕሮግራም አለው፤ አሬና የሚጽፈውን የመዝገብ ፋይል አንብቦ ምርጫችሁንና ጨዋታችሁን ይልካል። ለዚህ መጀመሪያ በአሬና ማስተካከያ ውስጥ ዝርዝር መዝገብ እንዲጽፍ መፍቀድ አለባችሁ። ከዚያ የእናንተ ታሪክ ለእናንተ፣ የሁሉም ድምር ለሁሉም ይታያል።

ስለ እያንዳንዱ ካርድ ከሚያወጣቸው ቁጥሮች ሁለቱ ይበቃሉ። አንደኛው ካርዱ እጅ ላይ በገባባቸው ጨዋታዎች ስንት በመቶው በድል እንዳለቀ የሚያሳየው ነው። ሁለተኛው ካርዱ በድራፍቱ ውስጥ በአማካይ እስከ ስንተኛው ምርጫ ድረስ እንደሚታይ የሚናገረው ነው።

ሁለተኛው ቸል ይባላል፤ ግን በተግባር የሚጠቅመው እሱ ነው። አንድ ካርድ በአማካይ እስከ 8ኛ ምርጫ የሚታይ ከሆነና እናንተ ሁሌ በ3ኛ የምታነሱት ከሆነ፣ ካርዱን ብትወዱትም ውድ ገዝታችሁታል። 3ኛውን ምርጫ ለሌላ ብታውሉት እሱ ቆይቶም ሊመጣ ይችል ነበር። የራሳችሁን የምርጫ አማካይ ከሕዝቡ አማካይ ጎን አስቀምጡና ልዩነቱ የሚሰፋባቸውን 10 ካርዶች አውጡ። ወይ እናንተ የምታውቁት ነገር አለ፣ ወይ ዝም ብላችሁ ለምዳችኋል። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው።

የመጀመሪያው ቁጥር ግን ያታልላል። የማጂክ ካርድም ማናም በቀለም ይከፋፈላል። ሁለት ቀለም የሚጠይቅ ካርድ የሚጫወተው የሚስማማው ዴክ ያለው ሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ መቶኛው ያምራል። ያለ ቦታው ብታስገቡት ያ መቶኛ የእናንተ አይሆንም። በጣም ጠንካራ በሆነ ቀለም ውስጥ ያለ ተራ ካርድም በጎረቤቶቹ ጉልበት ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ዳታ የሚልኩት ሰዎች ከመካከለኛው ተጫዋች ይሻላሉ፤ ፕሮግራም ጭኖ ቁጥር የሚያይ ሰው ጨዋታውን የምር የያዘ ነው። በእነሱ እጅ የሚሠራ ውስብስብ ካርድ በጀማሪ እጅ ላይሠራ ይችላል።

የራስ መዝገብ የሚዋሽባቸው ቦታዎች

አሬና ደረጃ አለው፤ ከብሮንዝ ተነስቶ እስከ ሚቲክ ይወጣል። ስትሻሻሉ ደረጃችሁ ይጨምራል፤ የሚገጥማችሁም ሰው ይከብዳል። ስለዚህ እየተሻላችሁ የማሸነፍ መቶኛችሁ ቆሞ ሊቀር፣ ሊወርድም ይችላል። ደረጃ ያልተጻፈበት መዝገብ ይህን አያሳይም። ሌላም ያስታል፤ በወሩ መጀመሪያ በዝቅተኛ ደረጃ ሰማያዊ ዴክ፣ በወሩ መጨረሻ በከፍተኛ ደረጃ ቀይ ዴክ የተጫወተ ሰው «ሰማያዊ ይሆነኛል» ብሎ ሊደመድም ይችላል።

ሌላው የአማካይ ነገር ነው። አንድ ድራፍት 7 ለ2፣ ቀጣዩ 0 ለ3 ወጣ እንበል። የመጀመሪያው 78 በመቶ፣ ሁለተኛው ዜሮ፣ አማካዩ 39 በመቶ። ጨዋታዎቹ ሲደመሩ ግን ከ12 ውስጥ 7 ነው፤ 58 በመቶ። ትክክለኛው ሁለተኛው ነው። ሦስት ጊዜ ስትሸነፉ ውድድሩ ስለሚያልቅ መጥፎ ድራፍቶች አጭር ናቸው፤ የድራፍቶችን መቶኛ ማማከል አጭሩን ከረጅሙ እኩል ያደርገዋል።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ዳታውን መበለት ነው። በቀለም፣ በሰዓት፣ በቀን፣ ቡና ጠጥቶና ሳይጠጣ። ምንም ልዩነት በሌለበት ዳታ ላይ 20 የተለያዩ ጥያቄዎችን ብትጠይቁና ለእያንዳንዱ ከ20 አንዴ የመሳሳት ዕድል ብትፈቅዱ፣ ቢያንስ አንዱ «አገኘሁ!» የማስባል ዕድሉ 64 በመቶ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ የሚያሸንፉ ሰዎች የሚገኙት እንዲህ ነው። መድኃኒቱ ጥያቄውን ቀድሞ መጻፍ ነው። ለአንድ የካርድ ስብስብ አንድ ጥያቄ፣ ቢበዛ ሁለት። ለምሳሌ «ስጀምር 2 ላንድ ያለው እጅ መያዝ አበዛለሁ ወይ?» ሰንጠረዡ ውስጥ ለዚያ ጥያቄ የማይረዳ ዓምድ ካለ ሰርዙት። ብዙ ዓምድ ያለው መዝገብ በሁለተኛው ሳምንት ይተዋል።

ከአሬና ውጭ በወረቀት ካርድ ለምትጫወቱ ደግሞ ደብተር ይበቃል። በይፋዊ ውድድርም ቢሆን ግጥሚያው እየተካሄደ ማስታወሻ መጻፍና ያንኑ መልሶ ማየት ይፈቀዳል፤ ከቤት ጽፋችሁ የመጣችሁትን አጭር ማስታወሻ ማየት የምትችሉት ግን በጨዋታና በጨዋታ መሀል ብቻ ነው። እየጻፋችሁ ተጋጣሚያችሁን እንዳታስጠብቁ ብቻ ተጠንቀቁ፤ ጊዜ ማባከን ያስቀጣል።